ታሊያ የማታነበው ቃል

ልጄ ኦርቪላ፣ አምላክ እዚያ ለንደንም ከፊት ከኋላሽ ይሁን። እዚህ ጃማይካ ደህና ነን፤ የአኪ ፍሬ ዛፋችን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

ልጅሽ ታሊያ ፊደል በፊደል ሳትቆጥር፣ አይታ ብቻ የምትለያቸውን ቃላት ትምህርት ቤት ከሰጧት ካርድ ላይ ቶሎ ቶሎ ታነባለች። «የት» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ዝም ትላለች። ማክሰኞ ተናደድኩና «አንቺ ድንጋይ ራስ!» ብዬ ካርዱን ነጠቅኳት።

«አያቴ፣ አውቀዋለሁ» አለች እያለቀሰች። «ክፍል ውስጥ ሳነበው አብሮኝ የሚማረው ዴሾን ‹እናትሽስ የት ናት?› ይለኛል፤ ሁሉም ይስቁብኛል።»

አፈርኩ ልጄ። ተንበርክኬ ይቅርታ ለመንኳት። እሷ ወዲያው አቀፈችኝ፤ እኔ ግን እስካሁን እህል አልወረደልኝም።

እባክሽ እሁድ ስትደውይ መጀመሪያ እሷን አነጋግሪያት። የምትኖሪበትን ቤት፣ የምትሠሪበትን ሆስፒታል ንገሪያት፤ ሲጠይቋት አፏን ሞልታ እንድትመልስ። ጌታ በጤና ያገናኛችሁ።

እናትሽ ኤርሊን