ያለ መምህር የሚነበብ መጽሐፍ ሲፈልጉ የኖሩት የመምህር አምሀ ገብረእግዚአብሔር የሕይወት ታሪክ

መምህር አምሀ ገብረእግዚአብሔር ከጤና ረዳቱ ከአቶ ገብረእግዚአብሔር ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ በ1957 ዓ.ም. በእምድብር ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በወልቂጤ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቁ። በወልቂጤ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ ወደ ቡታጅራ ተዛወሩ፤ ሕመም እስኪጥላቸውም ከጠመኔ አልተለዩም። በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሆሳዕና ጋር ጎጆ መሥርተው ነብዩንና ናዝራዊትን አፍርተዋል።

በ2016 ዓ.ም. ከቀድሞ ተማሪያቸው ከመምህር ሙባሪክ ጋር በሳሎናቸው የኳንተም ኮምፒውተር ጥናት ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቶች ከወልቂጤ ሳይቀር በሚኒባስ ይመጡ ነበር። የሚያነቡት መጽሐፍ ወፍራምና ዝነኛ ቢሆንም እያንዳንዱን መስመር የሚያብራራ ሰው ይፈልጋል፤ ያን የሚችሉትም መምህር አምሀ ብቻ ነበሩ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መምህር አምሀ ለኩላሊት እጥበት አዲስ አበባ መመላለስ ሲጀምሩ፣ ልጆቹ መጽሐፉን ከፍተው ይቀመጡና ዘግተውት ይሄዱ ጀመር። መምህሩን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳቸው ይህ ነው።

የመምህር ሙባሪክ እህት ወ/ሮ ሳሌሃ ለአረፋ ከዱባይ ሊመጡ ሲሉ ሻንጣቸው ውስጥ ለሁለት መጻሕፍት ብቻ ቦታ እንዳላቸው መልእክት ላኩ። ሌላ መንገደኛ የሚገኘው በዓመቱ ነው። መምህሩ ዓመት እንደማይጠብቃቸው ያውቃሉ።

ከዚያ ወዲያ ምርጫው ዕረፍት ነሣቸው። የየመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከኢንተርኔት አውርደው በወረቀት እያተሙ ለናዝራዊትና ለጓደኞቿ ይሰጡና ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ። ሲመለሱ ወረቀቱን አስቀምጠው ያነበቡትን እንዲያስረዱ ያደርጋሉ። ልጆቹ ሲያስረዱ እርዳታ ፈልገው እርሳቸውን ቀና ብለው ያዩበት መጽሐፍ ከምርጫው ይወድቃል። ወ/ሮ ሆሳዕና ክፉው ቀድሞ የሚታያቸው ሰው ናቸውና አንድ ቀን ወረቀቱን ሰብስበው ደበቁ፤ «ይኼ ነገር ከሕመሙ ቀድሞ ይገድልሃል» አሉ። መምህሩም «ስጪኝ እባክሽ፤ እኔ ስቀር የሚተካኝን ነው የምፈልገው» ብለው መልሰው ተቀበሏቸው።

በመጨረሻ አንዱን ለኳንተም መሠረት የሚሆነው የሒሳብ ዘርፍ የሊኒየር አልጀብራ መጽሐፍ፣ ሌላውን የጥያቄዎቹ መልስ ከኋላ ያለበት ቀጭን የኳንተም መግቢያ አደረጉ። መምህር ሙባሪክ አልተዋጠላቸውም። «ጋሼ፣ እነዚህን ልጆች አያውቋቸውም? መልሱን ገልብጠው ሻይ ቤት ነው የሚገኙት!» አሉ። «ይገልብጡ። የገለበጠ ልጅ መልሱ ከየት መጣ ብሎ ይመለሳል። የሚጠይቀው ሰው ያጣ ግን አይመለስም» ሲሉ መምህር አምሀ መለሱላቸው። መምህር ሙባሪክ ያን ጊዜ መምህሩ የሚዘጋጁት ለራሳቸው መቅረት መሆኑ ገባቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ለእህታቸው ደወሉ።

መጻሕፍቱ ለአረፋ ደረሱ። ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን መምህሩ ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው ሳለ ልጆቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። ኪዩቢት ስለሚባሉት የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ ቅንጣቶች፣ «የተሳሰሩ ሁለት ኪዩቢቶች ለየብቻ ተነጣጥለው ሊጻፉ እንደማይችሉ አሳዩ» የሚለው ጥያቄ ላይ ተያዙ። ድምፃቸው ጠፋ። መምህሩ ብርድ ልብሱን ገፈው እግራቸውን አወረዱ፤ ወ/ሮ ሆሳዕና ሊወድቁ ነው ብለው ክንዳቸውን ያዙ። በግድግዳው ማዶ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። አንዱ ልጅ «ከኋላ እንየው በቃ» ሲል ናዝራዊት «ቆይ! ይነጣጠላሉ ብለን እንጀምርና የት ላይ እንደሚበላሽ እንየው» አለች። ክርክሩ ተነሣ፤ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ መንኳኳት ጀመረ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ «ተበላሸ! ተበላሸ!» እያሉ ሳቁ። መምህሩ እግራቸውን መልሰው አልጋው ላይ አወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ማንም አልጠራቸውም።

መምህር አምሀ ማክሰኞ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና በቅዳሜው ጥናት የሚቀጥሉትን ልጆች ትተው ሄደዋል። ለሚቀሩት ስትጨነቅ የደከመችውን ነፍሳቸውን መድኃኔዓለም ጭንቀት በሌለበት ቤቱ ያሳርፍልን።