አራተኛውን እኔ አልጻፍኩትም

ሰኞ

ሦስት ጨመርኩ። ማርታ ሻወር ውስጥ ነበረች፣ ላፕቶፑ ክፍት ነበር፣ እኔም ሰው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ማርታ በምትማርበት ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች። አንድ ሰው ለላይብረሪው አንድ መደርደሪያ ሙሉ አሮጌ መጽሐፍ ሰጠ። ሁሉም የአንድ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ ሥራ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ፣ ራሱ እያሳተመ ራሱ የሚሸጥ። ማርታ ሰውየው ያወጣውን በሙሉ፣ እዚህ ያለውንም የሌለውንም፣ በዝርዝር እየጻፈች ነው። ስምንት ገጽ ደርሳለች።

ለማየት ብቻ ነበር የተቀመጥኩት። ግን ሰውየው ጉድ ነው! ትልቅ ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይቀበር የሕይወት ታሪኩን ያወጣል። የሟች ኑዛዜ ያትማል። የሰው ደብዳቤ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያትማል። ከዚያ ደርሶ ጨዋ ይሆንና ስብከት ያትማል፤ ከስብከቱ ቀጥሎ በሰው ፊት ስሙ ለማይጠራ በሽታ መድኃኒት። ስሙን አልጽፍም፤ ራሱም ስንቱ ሽፋን ላይ የሌላ ሰው ስም ለጥፏል። ጋሽ ጉዱ ብዬዋለሁ።

እንዲህ ባለ ሰው ዝርዝር ውስጥ ሦስት ቢጨመር ማን ያውቃል? የኔዎቹ እነዚህ ናቸው፦

«ሰባት ሰሃን በልቶ ሲያበቃ የማን ሠርግ ነው ብሎ የጠየቀው ሠረገላ ነጂ እውነተኛ ታሪክ»። (ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው። ታክሲ ነው የሚነዱት፣ ሠረገላውን ለዘመኑ ብዬ ነው።)

«ስኳርን በጨው የመተካት ጥበብ፣ ከእናቱ ወጥ ቤት የተባረረ ልጅ እንደጻፈው»።

«የተኛ ወንድምን መቀስቀስ ኃጢአት ስለመሆኑ የተሰበከ ስብከት»።

ማርታ ፀጉሯን ጠቅልላ መጣች፣ ላፕቶፑን ዘጋች፣ ሄደች። አላየችም! ሳቄን በትራስ አፈንኩት።

ይቺን ማስታወሻ በአማርኛ የምጽፈው ለዚህ ነው። ማርታ አማርኛ ስታነብ ድንጋያማ መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና ናት። ሁለት መስመር ሳትጨርስ ትተወዋለች።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መኪና ሳጥብ ዋልኩ። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው መኪና አከራይ ጋ ነው የምሠራው፤ ቱሪስቱ አሸዋውን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ።

ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ሳምንት እህትህን እንዳትነካት» አለችኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«ገና ምንም። ለዚህ ነው አሁን የምነግርህ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ዝርዝሩ ዓርብ ይታተማል፤ ከመጽሐፎቹ ጋር መስታወት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። አለቃዋ ካሮል ሥራውን ከወደደችው ማርታን ሙሉ ጊዜ ልትቀጥራት ነው። የካዚኖውን ሺፍት ትተዋለች ማለት ነው። «ያ ጭስ ሳንባዋን ሳይጨርሰው» አለች እማዬ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም።

ሦስቱ ርዕሶቼ ትዝ አሉኝ።

ዛሬ ያልነገርኳት፦ ሥራ ላይ ስለሆነች። ደክሟት ስለምትመጣ። ስለምትገድለኝ።

ረቡዕ

ነገርኳት። ምሳ እየበላች ነበር። ሹካዋን አስቀመጠችና «ናሆም፣ ለካሮል ኢሜል አድርጌዋለሁ እኮ» አለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስትጮህ መልስ አላጣም።

ሦስቱን አሳየኋት። አንድ በአንድ አጠፋች። ስብከቱ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ አጋጣሚውን እንዳላጣ ብዬ «ይሄስ ባይጠፋ ምን አለ? ጠቃሚ ነው» አልኳት። ተሳሳትኩ። ላፕቶፑን ይዛ ክፍሏ ገባች።

ይባስ ብሎ ጋሽ ታደሰ እማዬን ሊጠይቁ መጥተው ወሬውን ሰሙ።

«መጽሐፍ ወጣብኝ?»

«አልወጣብዎትም ጋሼ፣ ተሰርዟል።»

«ምን ይላል?» ነገርኳቸው። «ውሸታም! አምስት ነው የበላሁት» ብለው ተቆጡ። ስለ ሠርጉ ግን አልካዱም።

ሐሙስ

ማርታ ከጠዋት ጀምራ ዝርዝሩን በሙሉ፣ ርዕስ በርዕስ፣ በየላይብረሪው መዝገብ ቼክ አደረገች። ከሰዓት በሩን አንኳኳች። እህቴ የኔን በር አንኳኩታ አታውቅም።

«አራተኛውስ?»

«የቱ አራተኛ?»

አነበበችልኝ። «የጥርስ ነቃይ ሚስት ለሟች ባሏ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች፣ ከሟቹ መልስ ጋር»። በየትም ላይብረሪ የለም። በዓለም ላይ አንድም ቅጂ የለም።

የኔ አይደለም አልኳት። ማልኩ። በእማዬ ማልኩ።

«ሙት ሰው መልስ ጻፈ ብሎ የሚያስብ ካንተ ሌላ ማን አለ?»

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እኔን ነው የምጠረጥረው። እንዲያውም ቀድሜ አለማሰቤ ቆጨኝ። ግን የጋሽ ታደሰ ታክሲ ላይ «ይሸጣል» ብሎ የለጠፈ፣ የእማዬን ስልክ ወደ ቻይንኛ የቀየረ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ለማርታ «ፈተናሽ ተራዝሟል» ያላት ሰው ምን ብሎ ይማላል? እውነት ስናገር ደግሞ ፊቴ ራሱ ይስቃል። አስቆመው ብባል አልችልም።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«አላስታውስም። ከመቶ ቦታ ነው የሰበሰብኩት።» አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ባጠፋውና እውነት ቢሆን ጎደለ ይሉኛል። ብተወውና ያንተ ቢሆን ይስቁብኛል። ዓርብ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይታተማል። ደስ አለህ?»

ደስ አላለኝም። ለአለቃዬ ደውዬ ሺፍቴን ቀየርኩ።

ዓርብ

ከሰፈራችን ከሰንራይዝ ማነር ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ላይብረሪው ደረስኩ። ካሮል ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ እርሳስ ብቻ ሰጠችኝ። ማርታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች፤ መጽሐፎቹን ሳይሆን እጄን ነበር የምትጠብቀው።

የጥርስ ነቃዩ ወሬ አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ካለ ብዬ ከመደርደሪያው ጫፍ ጀመርኩ። ጋሽ ጉዱን በእጄ ስይዘው ሌላ ነው! ወረቀቱ እንደ ጨርቅ ወፍራም ነው። ሁለት የተለያየ ርዕስ ያላቸው መጽሐፎች ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ፣ ሁለቱም ጋ፣ አንድ ፊደል ተገልብጧል። ያው ሰካራም ፊደል፣ ያው ቦታ! ያልተሸጠለትን መጽሐፍ የፊት ገጹን ብቻ ቀይሮ አዲስ ነው ብሎ ሸጦታል። እኛም ያልተከራየችውን መኪና አጥበን ፊት ረድፍ ላይ እናቆማታለን። ለማርታ ላሳያት ፈለግኩ፤ «ጥርሱን ፈልግ» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት። መጽሐፎቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ ዝም ብዬ እዘጋ ነበር። ከዚያ አንዷን ቀጭን ስብከት ይዤ አሰብኩ፤ እኔ ሻጭ ብሆን አንባቢውን «አሜን» ካለ በኋላ ዝም ብዬ እለቀዋለሁ? አልለቀውም። የመጨረሻውን ቅጠል ገለበጥኩ።

ማስታወቂያ! በሱቁ ያሉ ሌሎች መጽሐፎች፣ የሳል ጠብታ፣ ከዚያ ከታች በትናንሽ ፊደል የጥርስ ነቃዩ ሚስት፣ ከነባሏ፣ ከነመልሱ። «በማተሚያ ላይ ነው፤ በቅርብ ቀን ይወጣል»።

ጮህኩ። አንድ ተማሪ እርሳሱን ጣለ።

ካሮል በአጉሊ መነጽር አየችው። አንዳንዴ ገና ያልታተመ መጽሐፍ ያስተዋውቁ ነበር አለች፤ ጠያቂ ከጠፋ ጭራሽ አይታተምም። የጥርስ ነቃዩ ጠያቂ ያጣ ይመስላል። እኔ ግን በሦስት መቶ ዓመት ዘግይቼ ጠየቅኩለት።

ማርታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። እኔን አላየችኝም። «ኦኬ» አለች። ይኸው ነው፣ ኦኬ።

ቅዳሜ

ከእማዬና ከጋሽ ታደሰ ጋር መስታወቱን ለማየት ሄድን። ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ ታትሟል። ከጥርስ ነቃዩ ጎን «ማስታወቂያው ተገኝቷል፤ መጽሐፉ አልተገኘም» የሚል አለ። ጋሽ ታደሰ ሠረገላ ነጂውን እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለጉት። «እውነትም ሰረዝሽኝ ማርታዬ?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

«የኔስ ስም የት አለ?» አልኳት።

«ያንተን ስም ብጨምርበት ማን ያምነኛል?»

ካሮል ስለ ሥራው ሰኞ እነግርሻለሁ ብላታለች። ፊቷ ግን ጥሩ ነበር። የማርታም አይከፋም፣ እኔን እስክታይ ድረስ።

አሁን ቤት ነን። ማርታ ሻወር ገብታለች። ላፕቶፑን ክፍት ትታዋለች።

ወይ አምናኛለች ወይ ወጥመድ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በዓይኔ ብቻ ቀረብ አልኩ። ባዶ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጽፋለች፦

«በማተሚያ ላይ ያለ፦ ሁሉን ተናግሮ፣ ሁሉን ፈልጎ፣ እህቱን ይቅርታ መጠየቅ የረሳው ወንድም እውነተኛ ታሪክ። ጠያቂ ካለ ይወጣል»።

ሳምንቱን ወደ ኋላ ገለበጥኩት። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። አንድም ቦታ «ይቅርታ» የለም።

ውሃው ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ፊቴ እንዳይስቅ እየታገልኩት ነው።