ስም ከታች፣ ገቢ ከላይ፦ የማዛመጃ ክፍል ኃላፊያችንን ዕረፍትና የአደራቸውን ነገር በተመለከተ

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ማኅበር፣ የመዛግብት ማዛመጃ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ባልደረባችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለመላው ሠራተኛ፣ ለሙያ አጋሮቻችንና ለሕዝቡ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው ሐሙስ ዕለት ተፈጽሟል።

መሥሪያ ቤቱ ረቡዕ ዕለት የራሱን መግለጫ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፏል። ያ ወረቀት እውነት ቢሆን ኖሮ እኛ ሌላ ማውጣት ባላስፈለገን ነበር። ነገር ግን አራተኛው መስመር ላይ ባልደረባችን «የማገናኛ ዝርዝሩ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዲሰጥ በሙሉ ፈቃዳቸው ተባብረዋል» ይላል። ይህ ሐሰት ነው። የሞተ ሰው አይመልስም ተብሎ የተጻፈ ሐሰት ነው። ስለዚህ ይህ መግለጫ እንደ ወጉ አገልግሎታቸውን ይዘረዝራል፤ ከወጉ አልፎ ደግሞ የተፈጸመባቸውን ክህደት፣ የእኛንም እጅ ሳይደብቅ፣ ይናገራል።

ባልደረባችን መሥሪያ ቤቱን የተቀላቀሉት ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በቤት ለቤት ቆጣሪነት ነው። ሌላው ቆጣሪ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ በግምት የሚሞላውን መጠይቅ፣ እሳቸው የቤቱ ባለቤት ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቀው ይሞሉ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቃቸው በመዝገብ ስማቸው ሳይሆን «እትዬ ለየቅል» በሚለው ነው። ስሙን ያወጣላቸው የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊው ሲሆን፣ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

በአገልግሎታቸው አራተኛ ዓመት፣ ለበላይ ኃላፊዎች ባለ ሦስት ገጽ ማስታወሻ አቀረቡ። በዚያን ጊዜ የገቢ አኃዝ የሚወጣው ሰውን በመጠየቅ ብቻ ነበር፤ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ ያለው ይቀንሳል፣ የሌለው ይጨምራል። ማስታወሻው የሚለው ይህን ነው፦ የግብር መዝገብ ሰው ምን እንደሚከፈለው ያውቃል፣ ትምህርቱንና ቤተሰቡን ግን አያውቅም፤ የቆጠራ መዝገብ ትምህርቱንና ቤተሰቡን፣ የጎን ሥራውንም ጭምር ያውቃል፣ ደመወዙን ግን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ቢዛመዱ የትኛው ሙያ በየትኛው ሰፈር ምን እንደሚያገኝ በእውነት ይታወቃል። ማስታወሻው አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

በዘጠነኛው ዓመት ሥራው ተፈቀደና ክፍሉን አቋቋሙ። ምድር ቤት፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ክፍል ስም፣ የትውልድ ዘመንና አድራሻ ብቻ ያያል፤ ለእያንዳንዱም ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ቁጥሩንና ገቢውን ብቻ ያያል፤ ስም አያይም። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው የማገናኛ ዝርዝር ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። «ስም ለብቻ፣ ገቢ ለብቻ፣ ነገሩ ለየቅል ነው» ማለት ያበዙ ስለነበር ቅጽል ስማቸው ከዚያ መጣ። ሕጉን ለማንም አያላሉም ነበር። የላይኛው ክፍል ልጅ የታችኛዋን ክፍል ልጅ ሲያገባ፣ በማግስቱ ሙሽራውን ወደ ንብረት ክፍል አዛወሩት። ሠርጉ ላይ ግን ቀድመው የደረሱት እሳቸው ነበሩ።

ካዝናው በሁለት ቁልፍ ካልሆነ አይከፈትም። አንዱን እሳቸው ያዙ። ሁለተኛውን ለዋና ዳይሬክተሩ እንዲሰጡ ሲጠየቁ እምቢ ብለው ለዚህ ማኅበር ሰጡ። ምክንያታቸውን በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ቃለ ጉባኤው እንዲህ መዝግቦታል፦ «አለቃ ይሾማል፣ ይሻራል፤ ሠራተኛ ግን እዚሁ ነው፤ የት ይሄዳል?»

በአሥራ አንደኛው ዓመት የመጀመሪያው አኃዝ ታተመ፤ ስህተትም ነበረበት። ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆነ፣ በአንድ ዓመት የተወለዱ ፀጉር አስተካካይና የአውቶቡስ ባለቤት ተቀያይረው፣ የፀጉር አስተካካዩ ሰፈር ከሀብታሞቹ ሰፈር በላይ ሆኖ ወጣ። የዚያን ጊዜው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብለው መከሩ። እሳቸው ግን በራሳቸው ፊርማ ማረሚያ አሳተሙ፤ ዳግም እንዳይደገም የእናት ስም በማዛመጃው ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። ሕዝቡ አኃዛችንን ማመን የጀመረው ካሳተምነው መጽሐፍ በኋላ ሳይሆን ከዚያ ማረሚያ በኋላ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት፣ በአንድ ትምህርትና በአንድ ልምድ የሚሠሩ ሴት ነርሶች በደመወዝ ከወንዶቹ ምን ያህል እንደሚያንሱ የሚያሳየው ሰንጠረዥ በእሳቸው መሪነት ወጣ። ሰንጠረዡ ዛሬም በየሆስፒታሉ የሠራተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል።

በዚያው ዓመት የመጠይቁን የመጀመሪያ ገጽ እንደገና ጻፉ። ከሕግ አንቀጽ በተቀዳው ደረቅ ማስጠንቀቂያ ፋንታ ይህን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «የሚነግሩን ለመቁጠር ብቻ ነው፤ ተመልሶ ደጅዎን አያንኳኳም።» ቆጣሪዎቻችን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ብዙ በር የተከፈተልን በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የአገልግሎት ዝርዝር አይደለም።

ባለፈው ዓመት ሕመማቸው ጠንቶ የሕመም ፈቃድ ሲወጡ፣ ቁልፋቸውን በልጃቸው እጅ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ላኩ። ፖስታው ላይ በእጅ ጽሑፋቸው «አደራ» ብለው ጽፈውበታል፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኛ ግን ፖስታውን ተቀብለን የማኅበሩ ቁልፍ ባለበት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ከመሳቢያዎቻችን የሚቆለፈው እሱ ብቻ ስለሆነ። ሁለት ቁልፍ የተሠራው ለምን እንደሆነ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲነገረን የኖርን ሰዎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኛናቸው።

በሁለተኛው ወር ምክትል ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የማዛመዱን ጥራት ለማየት ዝርዝሩን ለሦስት ቀን ይፈልገዋል አሉ። ስናመነታ «ሦስት ቀን ናት፤ እኛም እነሱም የአንድ እናት ልጆች አይደለን እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ እትዬም በስልክ ተስማምተዋል አሉን። አመንናቸው። ደውለን ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር፤ አልደወልንም። ሊቀመንበሩ ከፈተ፣ ጸሐፊዋ መሰከረች፣ ንብረት ያዡ ወጪ አድርጎ ፈረመ።

ሦስቱ ቀን አምስት ሳምንት ሆነ። የላይኛው ክፍል የገቢ ፋይል ቅጂ ለጥናት ተብሎ ቀድሞ በግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እጅ ገብቶ ኖሯል፤ ስም ስለሌለበት ማንም አልተጨነቀም ነበር። ዝርዝራችን ሲጨመርበት ቁጥሩ ሁሉ ስምና ደጃፍ አገኘ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነውና፣ ቅጂው እዚያው ቀርቶ ዝርዝሩ ከተመለሰ በኋላ የግብር ገማቾች ለቆጣሪ ብቻ የተነገረ አኃዝ ይዘው በየሰፈሩ ማንኳኳት ጀመሩ።

እኛ ይህን ባወቅንበት ሰሞን ባልደረባችንን ሁለት ጊዜ ጠይቀናቸዋል፤ ብርቱካን ይዘን ሄደን፣ ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ አሳንሰሩ መበላሸት ስናወራ ቆየን። በሁለተኛው ጊዜ «ቁልፉ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁን። «ደህና ነው፣ እትዬ፤ አያስቡ» አልናቸው። ቁልፉ በእርግጥ ደህና ነበር።

እውነቱን የነገረቻቸው ከእሳቸው በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ውስጥ የምትሰፋውን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የነገረችው መጠይቁን ራሳቸው ሲሞሉላት ለእሳቸው ነው፣ ያውም በቃላቸው ተማምና። የገማቹን ወረቀት ይዛ ወጥታ አልጋቸው አጠገብ ቆመችና «እኔ እኮ ለእርስዎ ነው የነገርኩት» አለቻቸው። አልተቆጣችም። እሷ ከወጣች በኋላ ለባለቤታቸው «የእኔን አፍ ተውሰው ነው የዘረፏት» ማለታቸውን ባለቤታቸው በቀብሩ ዕለት ነግረውናል።

በማግስቱ ለሊቀመንበራችን ደወሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሁለቱም አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ?» ነበሩ አላቸው። «እንዲያ ከሆነ ካዝናው መዝጊያ አልነበረውም» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ከማናችንም ጋር አልተነጋገሩም፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ።

ይህ ማኅበር በዋና ዳይሬክተሩና በምክትላቸው ተክዷል። ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሏቸውን ሴት ከሞቱ በኋላ የራሳቸው ሥራ አፍራሽ አድርገው ጻፉባቸው፤ ይህ ያንገበግበናል። ነገር ግን ተከዳን ብለን ብንጮህ ባልደረባችንን ማን ከዳቸው ለሚለው መልስ አይሆንም። አደራ የተሰጠው ለእኛ ነበር፤ የበላነውም እኛ ነን።

ስለሆነም ማኅበሩ የሚከተለውን ይጠይቃል። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው መግለጫ አራተኛ መስመር በእሳቸው ደንብ ይታረም፤ ይኸውም በግልጽ፣ ስህተቱን በፈጸመው ሰው ፊርማ። የተወሰደው ቅጂ ይመለስ፣ በእሱ የተያዘው ግምት ሁሉ ይሰረዝ። ይህ እስኪሆን ድረስ በሚመጣው ወር ለሕትመት ከሚገባው መጠይቅ ላይ ያ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። ያለ እሱ በር አይከፈትም የሚል መልስ ከመሥሪያ ቤቱ ደርሶናል። አዎ፣ አይከፈትም። ዓረፍተ ነገሩ ግን የእሳቸው ነው፤ እውነት ሳይሆን በስማቸው እየማለ ሰው ቤት እንዲገባ አንፈቅድም። ለማተሚያ ቤት የሚላከው ረቂቅ የእኛን ፊርማ ይፈልጋል፤ አንፈርምም። የማኅበሩንም ቁልፍ ከአሁን በኋላ ልንይዝ አይገባንምና፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሌላ ሰው እስኪመርጥ በታሸገ ፖስታ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አስረክበናል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለላይኛውም ለታችኛውም ክፍል ባልደረቦቻቸው፣ በእሳቸው ቃል በራቸውን ለከፈቱልን ሁሉ፣ በተለይም ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታ የምንለምነው ግን በዚህ ወረቀት አይደለም፤ በየቤቱ ሄደን ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ልጃቸው ነው። የእናቷን ቁልፍ እንድንመልስላት ልካብን ስለነበር ዓርብ ዕለት በመጣበት ፖስታ ይዘንላት ሄድን። ሐዘን ቤት ነውና ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተች፤ ፖስታውን ተቀበለች፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብባ ኪሷ ከተተችው። ግቡ አላለችንም። ጥቂት ቆመን ተመለስን።

ካዝናውን የከፈትነው፣
የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ንብረት ያዥ