ረቡዕ ወተት የምትጠጣው ድመት

ጥቅምት 3፣ ሰኞ ጠዋት
የመጨረሻውን ሥዕል ቀለም ቀባሁ። ውሮ የምትባል ድመት፣ አንድ ሳምንት። ሰኞ አይጥ ታባርራለች፣ ማክሰኞ ጣሪያ ላይ ትተኛለች፣ ረቡዕ ወተት ትጠጣለች፣ እንዲህ እያለች እስከ እሑድ። አለቀ። ለእኔ አለቀ ማለቴ ነው። ጋሽ ጌታነህ፣ ፒያሳ ያሉት መጻሕፍት ሻጭ፣ አንዳንዴም የሚያሳትሙት፣ መጀመሪያ ለልጆች አንብቢ ብለዋል። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ከሰሙ ያትሙታል። ካልሰሙ የለም። እማዬ ከሆስፒታል የአዳር ሥራዋ ስትመለስ ባንክ የሥራ ማስታወቂያ አውጥቷል አለችኝ። ሰማሁ አልኳት። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፦ ከተመረቅኩ ወዲህ እንዲህ የፈለግኩት ነገር የለም።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ላነብ ዳባት ሄድኩ፣ ከዚህ በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ብርዱ! የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሙሉ ከከተማው ወጣ ባለ ት/ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ሰኞ ላይ ሳቁ። ማክሰኞ ላይ ሳቁ። ረቡዕ ላይ ፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።
“ምነው ረቡዕ ወተት ትጠጣለች? ጦም አይደል?”
ከኋላ አንዱ፦ “ድመት ምን አገባት፣ ቄስ ናት?”
“የኛዋ ትጦማለች። ረቡዕ ማን ይሰጣታል?”
“ትሰርቃለቻ።”
“እንግዲያ ንስሐ ትግባ።”
በቃ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የምትጦም፣ የማትጦም። ሙሉ ጠረጴዛ መታች፣ ማን ሰምቷት። ሐሙስ ሳልደርስ ደወል። ሙሉ፣ ቢያንስ አልተኙም አለችኝ። ማጽናናቷ ነው። 

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
እንዴት እንደተሳሳትኩ ገባኝ። የጻፍኩት ግንቦት ነው፣ በበዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ረቡዕ ረቡዕ እርጎ እየበላሁ ነበር የምጽፈው! እማዬ እስክታነባ ሳቀች።
ጋሽ ጌታነህ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ወዲያው ኮስተር አሉ። ወላጅ መጽሐፉን ይዞ ይመጣብኛል፣ ወተቱን ሐሙስ አድርጊውና ሌላ ቦታ አንብቢ አሉ። ሐሙስ ውሮ ከውሻ ጋር ትጣላ ነበር። አለዋወጥኳቸው። የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ ሥራው አለቀ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ
ፀዳ ከተማ፣ ሌላ ት/ቤት ገብቼ አነበብኩ። ከሰኞ እስከ እሑድ። ማንም አላቋረጠኝም። አስተማሪዋ አጨብጭቡ ስትል አጨበጨቡ። ጥያቄ ያለው? አልኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣ፦ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጎ ነው።
ጋሽ ጌታነህ አስተማሪዋ ጋ ደወሉ። ጸጥ ብለው ሰሙ አለቻቸው። ዓርብ ነይና ውል ፈርሚ አሉኝ። እማዬ እልል። ደስ ብሎኛል። ደስ ያለኝ ይመስለኛል። እራት አልበላሁም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
ሙሉ ደወለች። እነዚያ ልጆች አሁንም አልተውም አለች። የቄስ ልጅ የሆነው አባቱን ጠይቆ መጥቷል፦ እንስሳ ሕግ የለበትም ተብሏል። ፊት የምትቀመጠው ልጅ አላመነችም። ዛሬ ጠዋት ለድመቷ ወተት አቅርባ ቁጭ ብላ አየቻት። ድመቷ አሸተተችና ትታው ሄደች። ልጅቷ ይህን ስትናገር ክፍሉ ጉድ ሆነ አለች ሙሉ። ጠግባ ይሆናላ፣ ብላ የተከራከረቻት ልጅም አለች።
ውሮ ሐሙስ ምን ሆነች እያሉ ሙሉን ይጠይቋታል። ያቺ ሴት መቼ ትመጣለች ይሏታል።
የፀዳ ልጆች ምንም አልጠየቁም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል
ትናንት ቀኑን ሙሉ ሣልኩ። ወተቱን ወደ ረቡዕ መለስኩት። አሁን ግን ውሮ ጎድጓዳ ሳህኑ አጠገብ ቁጭ ብላለች፣ የቤቱ ልጆች እየተጨቃጨቁባት ነው። አንዱ ሳህኑን ይገፋል፣ አንዷ ትስባለች። ከሥር አንድ መስመር፦ ድመት ትጾማለች? መልሱን አልጻፍኩም። እኔም አላውቀውም።
ለእማዬ ነገርኳት። ያለቀ ነገር ምነው ልጄ፣ አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ውሻውስ የት ገባ? ወደ ሐሙስ ተመለሰ አልኳት።
ጋሽ ጌታነህ ይቆጣሉ። የፀዳውን አምጪ ይላሉ። እሱን ቤት ትቼዋለሁ። በዚህኛው እሺ ካሉ እፈርማለሁ፣ እምቢ ካሉ አልፈርምም። እሺም አሉ እምቢ፣ ከፒያሳ በቀጥታ ዳባት ነኝ። ልጆቹ ሐሙስን አልሰሙም።