የባምባሲን ስም ለባምባሲ ሰው ለማስመለስ ሲሟገቱ ላረፉት ለሰብሳቢያችን ለወይዘሮ ቀነኒ ዱሬሳ የወጣ የሀዘን መግለጫ

የቤንሻንጉል ጉሙዝ የድረ ገጽ ስም ተጠቃሚዎች ማኅበር
አሶሳ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማኅበራችን ሰብሳቢውን አጥቷል። ወይዘሮ ቀነኒ ዱሬሳ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ወዳጆቻቸው በተገኙበት ትናንት በአሶሳ ተፈጽሟል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በእጅጉ አዝኗል፤ ቁጭትም አለበት። የቆጨን ሰባት ዓመት የደከሙበት ጉዳይ ለውሳኔ ሊቀርብ አንድ ጉዞ ሲቀረው መለየታቸው ነው።

ወይዘሮ ቀነኒ በ1967 ዓ.ም. በባምባሲ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በባምባሲና በአሶሳ ተከታትለው ካጠናቀቁ በኋላ ለዓመታት በኮምፒውተር መምህርነት አገልግለዋል። ከዚያም በአሶሳ ገበያ አጠገብ ለነጋዴዎችና ለገበሬዎች ድረ ገጽ የሚሠራ ድርጅት ከፈቱ። ከአውሮፕላን ማረፊያው የመጣ እንግዳ "ቀነኒ ቤት" ካለ የትኛውም ባጃጅ በቀጥታ ያደርሰው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የባምባሲ ማንጎ አምራቾች በወረዳቸው ስም ድረ ገጽ እንዲከፍቱላቸው ጠየቋቸው። ስሙ ግን ተይዞ ተገኘ። ያስመዘገበው ነዋሪነቱ አዲስ አበባ የሆነ ነጋዴ ነው፤ ስልክ ሲደወልለትም "ለመሆኑ ባምባሲ በየት በኩል ነው?" ብሎ ጠየቀ። የድረ ገጽ ስም ማለት ገዥ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ሻጩን የሚያገኝበት አድራሻ ስለሆነ አምራቾቹ በገዛ አገራቸው ስም የሚገኙበት አድራሻ አጡ። ደንቡ "ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስዳል" የሚል ነበር። ብዙዎች ነጋዴው ይከሰስ ብለው ሲነሱ ወይዘሮ ቀነኒ አልተስማሙም። "ሰውየው ደንቡን ነው የተከተለው፤ ከእሱ ጋር ምን ያጣላናል? ደንቡን እናስለውጥ" አሉ። ማኅበራችን በ2011 ዓ.ም. የተመሠረተው ለዚሁ ነው።

በ2013 ዓ.ም. አቤቱታችንን ይዘው ለሀገር አቀፉ የድረ ገጽ ስሞች ጉባኤ ቀረቡ። የተሰጣቸው መልስ ለአንድ ወረዳ ተብሎ ደንብ አይለወጥም የሚል ነበር። "እንግዲያው አንድ ወረዳ አንሁን" ብለው ተመለሱ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት አሶሳን፣ ፓዌንና ካማሺን ጨምሮ የክልሉን ወረዳዎችና ከተሞች አስተባበሩ፤ መንገዱ ሲከፈት በመኪና፣ ሲዘጋ በስልክ። በ2015 ዓ.ም. ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና ከፍቶ ክልሎች የጋራ አቋማቸውን እንዲያቀርቡ ጠየቀ።

በ2016 ዓ.ም. ክርክሩ ወደ ራሳችን ቤት ገባ። የአሶሳ ነጋዴ አባላት የቦታ ስሞች በሙሉ ለማኅበራችን ይሰጡ አሉ። ወይዘሮ ቀነኒ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። "ከአንድ ሰው ነጥቀን ለአንድ ማኅበር ብንሰጠው ስሙ መቼ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ?" የሚለው ጥያቄያቸው ብዙ ወዳጅ አሳጥቷቸዋል፤ በዚያ ዓመት ሰብሳቢ ሆነው የተመረጡትም በጠባብ የድምፅ ልዩነት ነበር። ክርክሩን ግን አሸነፉ። የዛሬው አቋማችን እንዲህ ይላል፦ የቦታ ስም አይሸጥም፤ ነዋሪው በመረጣቸው ሰዎች አደራ ይጠበቃል፤ ገበሬው፣ ነጋዴውና ትምህርት ቤቱ በእኩል ይጠቀሙበታል። ያን ጊዜ ተቃውሞውን የመሩት ምክትል ሰብሳቢያችን አቶ ዐብዱልቃድር ይህን መግለጫ ፈርመዋል።

የወይዘሮ ቀነኒን አሠራር አባላት በሙሉ ያውቁታል። የትኛውም አቋም የሚመለከተው ሕዝብ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሳይነበብለት አይፈረምም ነበር። ያልገባው ሰው ካለም እንደገና ይነበባል። ስብሰባቸው ምሳ ያስረሳል እያልን ቀልደንባቸዋል፣ አንዳንዴም ከልባችን አማርረናል። "አማርኛማ ሁላችንም እንሰማለን፤ ግን በሰው ቋንቋ እሺ ያለ ሰው ነገ አልገባኝም ነበር ይላል" ይሉን ነበር። በዚሁ መሠረት ዘንድሮ አቋሙ በአሶሳ በበርታ፣ በባምባሲ በኦሮምኛ፣ በፓዌ በአማርኛ፣ በቡለን በሺናሻ ተነቧል። የቀረው ካማሺ ላይ በጉሙዝ የሚነበበው ነበር። ወይዘሮ ቀነኒ ወደዚያ ለመጓዝ ያቀዱት ለትናንት ቅዳሜ ማለዳ ነበር፤ በዚያው ቀን ቀበርናቸው።

ጉባኤው አቋማችንን የሚቀበለው እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ብቻ ነው። ከቀብር መልስ በተደረገው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ጊዜው ስላጠረ የካማሺው ንባብ ቀርቶ አቋሙ ይላክ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አቶ ዐብዱልቃድር "ካማሺ ሳይሰማ እኔ አልፈርምም" አሉ። ኮሚቴውም በአንድ ድምፅ ደገፋቸው። ወይዘሮ ቀነኒ እያሉ ያላደረግነውን ዛሬ ብናደርገው ለቅሷችን የአፍ ብቻ ይሆናል።

መፍትሔው የመጣው ከካማሺ ነው። የካማሺ ተወካያችን አቶ ቦዔዝ ደውለው "እኛ ለለቅሶ እየመጣን ነው፤ ጽሑፉ እዚያው ይጠብቀን" አሉ። ከሽማግሌዎችና ከአምራቾች ጋር ነገ ሰኞ ማምሻውን አሶሳ ይደርሳሉ። ለቅሶ ቤት ሥራ ይዞ መግባት ነውር እንዳይሆን የሟችን ባለቤት አቶ ካሣዬ ታረቀኝን አስፈቅደናል። "ለቅሶዋን ስብሰባ አደረጋችሁት ብዬ አልቀየማችሁም፤ እሷ ብትኖር ራሷ ነበረች የምትጠራችሁ" ብለውናል። እድሩም ነገ ሊፈርስ የነበረውን ድንኳን እስከ ማክሰኞ ለማቆየት ፈቅዷል። ለሁለቱም ምስጋናችን የላቀ ነው።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ ካሣዬ፣ ለልጃቸው ለኢልሊ፣ በባምባሲ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለባልደረቦቻቸው በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። ባምባሲ ዛሬም በነጋዴው እጅ ነው፤ ደንቡም ገና አልተለወጠም። አቋማችን ግን ዓርብ ሳይደርስ ከጉባኤው ፊት ይቀርባል፤ ጉባኤው አልቀበልም ቢል እንኳ ተመልሰን እንሄዳለን።

ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አቶ ቦዔዝ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አቋሙን በጉሙዝ ያነባሉ። ለቀስተኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ በአክብሮት እንጠይቃለን። ያልገባው ሰው ካለ እንደገና ይነበባል።