ለጅቡም ለእናቲቱም አንድ ድምፅ ለሰጡት ዳይሬክተር

ለተከበሩ የቴአትር ቤቱ ዋና ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይም ከመድረክ ላይ ሆነው ለእኛ ደጋግመው እጅ የነሱበት ወገብዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ደህና ነኝ። በሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንሶላ የምተኩስ ሴት ነኝና፣ ስለ ኪነ ጥበብ ለእርስዎ ለመጻፍ መድፈሬን ከድካም ቆጥረው ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

የምጽፈው የፍየሏንና የግልገሎቿን ተረት ዘመናዊ ኦፔራ አድርገው ስላሳዩን ላመሰግንዎ ነው። ተረቱን የማያውቅ የለም። እናት ፍየል በር አስዘግታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ዘፈኗን ስትዘፍን ይከፍቱላታል፤ ጅቡ ድምጿን አስመስሎ ይመጣና ግልገሎቹን ይውጣቸዋል፤ በመጨረሻም እናታቸው ሆዱን በመቀስ ቀድዳ በሕይወት ታወጣቸዋለች። ልጄ ይህን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። ማስታወቂያዎ ላይ ግልገሎቹን ያየች ዕለት እጄን ይዛ አላስኬድ ስላለችኝ መጣን። ምስጋናዬም በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ጅቡንና እናቲቱን ለአንዲት ዘፋኝ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። መብራቱ ሲነጣ እናት፣ ሲቀላ ጅብ መሆኗን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ ግን መታገሥ አቅቷቸው «ልጆች፣ እንዳትከፍቱ!» ብለው ቢጮኹ፣ ለካ ያን ጊዜ የመጣችው እናትየዋ ኖራለች። ምስኪኗ ዘፋኝ ዜማው ጠፋባት፤ ሴትዮዋም በኀፍረት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሁለተኛ፣ ግልገሎቹ «እስቲ እጅሽን አሳዪን» የሚሉበትን ቦታ ቆርጠው ስለጣሉልን አመሰግናለሁ። በተረቱ ጅቡን አንድ ጊዜ የመለሱት ጸጉራም እጁን አይተው ነው፤ የተዋጡትም ሳያዩ የከፈቱ ቀን ነው። በር ላይ ያደላችሁን ወረቀት ግን ይህ «አላስፈላጊ ድግግሞሽ» መሆኑን ስላስረዳን አርፈን ተቀመጥን።

ሦስተኛ፣ ጅቡ ግልገሎቹን እንደዋጠ መጋረጃውን ስለዘጉ አመሰግናለሁ። እኛ ዕረፍት መስሎን ቁጭ አልን። ያጨበጨበም የተነሳም ሰው አልነበረም። ከጎኔ የነበሩት ጡረተኛ የአውቶብስ ሹፌር ያጠለቁትን ባርኔጣ መልሰው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ወጥተው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው፣ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ ለዝምታችን እጅ የነሱት። በማግስቱም ለጋዜጣ «ተመልካቹ ከስሜቱ ብዛት ከወንበሩ መነሳት አቃተው» ማለትዎን አነበብኩ። የተከበሩ ሆይ፣ እኛ እኮ ግልገሎቹ እስኪወጡ እየጠበቅን ነበር። ማለቁን የነገሩን መጥረጊያ ይዘው የገቡት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሹፌሩ «ልጆቹስ?» ቢሏቸው፣ «እኔ የማውቀው የሚጠረገውን ነው፤ እግርዎን ያንሱልኝ» አሏቸው።

አራተኛው የቤቴ ጉዳይ ነው፤ ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ከእኔ ቀድማ ነው። ሌላ ጠባቂ የላትም፤ አባቷ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ስለዚህ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች፤ እኔም ስደርስ የፍየሏን ዘፈን እዘፍናለሁ፤ እየሳቀች ትከፍትልኛለች። ከኦፔራዎ ማግስት ግን ዘፈንኩ፤ አልከፈተችም። ደገምኩ። «ጅቡም እንደዚሁ ነበር የዘፈነው» አለችኝ ከውስጥ። የያዝኩትን የቲማቲም ፌስታል ደረጃው ላይ አስቀምጬ ያልማልኩት መሐላ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ በሩን ገርበብ እያደረገ አየኝ። በቁልምጫ ጠራኋት፣ ትራሷ ሥር የደበቀችውን ነገርኳት፤ እንደ እናት ባወራሁ ቁጥር ይበልጥ ጅብ ሆንኩባት። በሕይወቴ ብዙ ሰው አላምንሽም ብሎኛል፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አንጀቴ አልተቆረጠም።

በመጨረሻ ደክሞኝ መሬት ላይ ቁጭ ስል፣ እርስዎ ቆርጠው የጣሉት ቦታ ትዝ አለኝ። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጣቶቼን አሾለክሁ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጣት መጥታ ካውያ ያቃጠለኝን ጠባሳ ዳሰሰች፤ ሄደች፤ ተመልሳ ዳሰሰች። መቀርቀሪያው ተከፈተ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ቲማቲሙን አስገባች።

በዚያው ጋዜጣ ላይ የዛሬ ልጆች እውነቱን መልመድ አለባቸው ብለዋል። ልክ ነዎት፤ ብቻ ትንሽ ዘግይተዋል። የወጣ ሰው ሊቀር እንደሚችል ልጄን ከእርስዎ በፊት አባቷ አስተምሯታል። የተወሰደ የሚመለስበት አንድ ተረት ብቻ ነበራት፤ እሱንም እርስዎ ዘመናዊ አደረጉባት። በቀሩት ትርኢቶች ያንን እጅና ያንን መጨረሻ ቢመልሱልን ምስጋናችን ወሰን አይኖረውም። የሚያስፈልገው አንድ መቀስ ነው፤ ቴአትር ቤቱ ከሌለው ከላውንደሪው ተውሼ አመጣለሁ።

ለዝምታችን ስለሰጡት ክብር በተራዬ እጅ እየነሳሁ፣ በሐሳቤ እስካሁን ከወንበሬ ያልተነሳሁና ቀሪውን በመጠበቅ ላይ ያለሁ፣

ታዛዥ ተመልካችዎ
አንሶላ ተኳሿ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ለማን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ነገርኳት። ግልገሎቹ ከጅቡ ሆድ እስካሁን ካልወጡ፣ በወጡ ጊዜ እኛ ቤት ማደር እንደሚችሉ እንድነግርዎ አዛኛለች። እርስዎም ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል፤ መዝፈን አያስፈልግዎትም፤ በበሩ ሥር እጅዎን ያሳዩናል፤ እሷ ዳስሳ ትወስናለች።