ሁለት ጊዜ ያልተነሳችው

ጥቅምት 8፣ ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ኪዳን አድርሼ ገባሁ። ዶሮዎቹን ለቀቅኋቸው። የጽጌን ጾም ስለያዝኩ እንቁላሉ ለጎረቤት ነው። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ደብተሬ፣ ከሰኞ ወዲህ አልጻፍኩብህም፤ የሚጻፍም አልነበረም።

አሁን አለ። ልጄ ሃይማኖት ከሞጣ ደወለች። መንገዱ ደህና ነው ተብሏል፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ማኅበርተኞቹን በሚኒባስ አምጣና ግድቦቹን ላሳያችሁ አለች። የላይኛውንም፣ የታችኛውንም። ጀልባ ገብቷል፣ ሐይቅ ሆኗል፣ ሰው ከባሕር ዳር ድረስ እየመጣ ይጎበኘዋል። እሷ ከሞጣ መጥታ ግንደወይን ላይ ትጠብቀናለች። አስተማሪ ናት። ስትነግርህ ወስና ነው።

ጉልበቴን አሞኛል አልኳት።

ከላይ ደህና ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ። አልሰርዘውም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አንጓች ቅባት ይዛ መጣች። የሟች ባለቤቴ የጥሩ ታናሽ እህት ናት፤ ቤቷ ከኔ ሦስተኛ በር። ሃይማኖት ደውላላት ኖሯል። ቅባቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ቆማ አየችኝ።

«አንቱ አያ ደሴ፣ ትናንት ኪዳን ላይ ያ ሁሉ ሲሰግድ የነበረው የማን ጉልበት ነው? ተውሰውት ነው?»

ሳቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ። እሄዳለሁ አልኩ።

ደስ አላት። ከመንደራችን ከወጣን ወዲህ ቦታውን አንድ ቀን አላየችውም። ጥሩም ሳታየው ሞተች። የታችኛው ግድብ የተኛው እኛ መንደር ላይ ነው። እርሻው፣ ወንዙ፣ የድሮዋ ማርያም ደጅ፣ ሁሉም ከሥሩ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ለኛ እዚህ ቢቸና ጥግ ቦታ ተሰጠን፣ ቤ/ክኗም እዚሁ ተሠራች፣ የሙታኑም አጽም ተነስቶ በጭነት መኪና መጣ።

የተነሳውን አጽም መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩ፣ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ነኝና ኮሚቴው ጸሐፊ አድርጎኝ ነበር። የቀረውን ዛሬ አልጽፈውም።

ጥቅምት 10፣ እሁድ፣ ምሽት 1 ሰዓት

አሁን ገባን። ጫማዬን አላወለቅሁም። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው።

ከማኅሌት ሳልተኛ ነው የሄድኩት። ዐሥራ አራት ሆነን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ዓሣ በጽጌ ጾም ይበላል አይበላም ክርክር ተነሳ። ደብረ ወርቅ ድረስ ተከራከሩ። አንጓች፣ ዓሣው መጀመሪያ ይያዝ፣ ከዚያ ኃጢአቱን እንካፈለዋለን ብላ አበቃችው። ግንደወይን ላይ ሃይማኖት ገባች። ግንባሬን ስማ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ያዘች። የናቷ እጅ ነው ያላት።

መጀመሪያ የላይኛው ግድብ። ትንሽ ነው። ዙሪያውን ተራራ፣ መሐሉ ዝም ያለ ውሃ። ጮቄ ከነደመናው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ይታያል። ዳክዬ ሲነሳ ተራራው ይሸበሸብና መልሶ ይቃናል። ሰው ሠርቶት እንዲህ ያምራል ብዬ አላስብም ነበር። ዳቦ ቆርሼ በላሁ። ከሰው ጋር ቀለድኩ። የምሄድበትን ረሳሁት። እንዴት ይረሳል።

ከዚያ የታችኛው። ከመታጠፊያው ዘወር ስንል አንድ ጊዜ ተዘረጋ። ሰፊ። ሰማያዊ። የአደይ አበባው እስከ ውሃው አፍ ወርዷል። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዙ በየት እንደነበር፣ ቤታችን በየት እንደነበር ፈለግሁ። አጣሁት። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ። ስላጣሁት ደስ አለኝ።

ጀልባ ነጂው ጎልማሳ ነው፤ ከማዶ መንደር ገበሬ የነበረ። በሬ መጥመድ ትቼ ሞተር ጠመድኩ፣ ሞተሩ ግን ሲመቱት አይሰማም አለን። ብርቱካንማ ጃኬት አለበሱን። አንጓች የሷን በነጠላዋ ላይ አጥልቃ፣ ሠርጌ ቀን እንኳ እንዲህ አላጌጥሁ አለች።

መሐል ላይ ሞተሩን አጠፋው። የማርያም ደጅ እዚህ ጋ ነበረ አለ። በግንቦት ውሃው ሲጎድል ከአጥሩ ውጭ የነበረው የወይራ ጫፍ ይወጣል፣ ወፍ ያርፍበታል።

ሁሉም አማተበ። አንጓች ግን ተናገረች። እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

«ከዚያ ወይራ ሥር የእህቴ ልጅ ነበረች። ክርስትና ሳትነሳ የሞተች። ማንም ባይቆጥራትም፣ አያ ደሴ ግን ለውሃ አልተዉአትም። በነጠላ ቋጥረው አወጡልን። እህቴ በዚያ ነው ሰላም ያገኘችው።»

ጀልባ ነጂው ዞሮ አየኝ። ኮፍያውን አነሳ። «እግዜር ይስጥዎ አባቴ። እኛ መንደር የተጠመቀውም ቀርቷል።»

አንዷ ጉልበቴን ሳመች። ያንኑ ጉልበቴን። ሃይማኖት ዓይኗን ጠረገችና ስልኳን አወጣች። አባዬ፣ ቀና በል አለችኝ።

ቀና አልኩ። ሕፃኒቱ ካልተነሳችበት ውሃ ላይ ፎቶ ተነሳሁ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ማንም የለም። በሩን ዘግቻለሁ። ልጻፈው።

የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ነበረች። ሃይማኖት ከመወለዷ በፊት። ሳትታመም፣ ወይም ታማ ሳናውቅ፣ አንድ ጧት ተነስተን አጣናት። ሰባ አንድ ቀኗ ነበር። ለሰማንያው ዘጠኝ ቀርቷት። ክርስትና ስላልተነሳች ፍትሐት የለም፣ ቅጥር ውስጥ መቀበር የለም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር እኔው ቆፈርኩ።

መንደሩ ሊነሳ ሲል ጥሩ ለመነችኝ። እሷንም አንሳት አለች። እሺ አልኩ። ማልሁላት።

በቀኑ ወንዶቹ ብቻ ነን። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ እኔ ስም እየጠራሁ እጽፋለሁ። ስም፣ ስመ ክርስትና፣ የማን ዘመድ። ለሷ የምጽፈው ስም የለኝም። ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ብዬ ብናገር ምን ይሉኛል? ቀሳውስቱ ፊት፣ እኔ ጸሐፊው? መኪና የሚቆመው ለዚህ ነው? ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁሉም ተጭኖ ሲያበቃ ዶማ ይዤ ወደ ወይራው ሄድኩ። ዝም ብዬ አወጣታለሁ ብዬ። ግማሽ መንገድ ስደርስ ከኋላ ተጣሩ። ወዴት ነው አሉ።

ውሃ ሽንት አልኩ።

ስለዚህ ሄጄ ሸናሁ። እያዩኝ ነበርና። ወይራው ጥግ። ተመለስኩ። መኪናው ተነሳ።

ማታ ጥሩ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አመጣኋት አልኩ። በነጠላ ቋጥሬ። ከአዲሱ የቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ አሳረፍኳት። የት ነው አለች። ነገ አሳይሻለሁ አልኩ። በነጋታው ማንም ሳይነሳ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳሁና ከአጥሩ ሥር አቆምኩት።

ያንን ድንጋይ ዐሥር ዓመት ሳመችው። በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከአንጓች ጋር። ስትሞት ከቅጥሩ ውስጥ በዚያ በኩል፣ አጥሩን አስጠግታችሁ ቅበሩኝ፣ ልጄን እንድቀርባት አለች። እዚያው ቀበርናት። ከባዶ አፈር አጠገብ።

ክርስትናም አልተነሳች፣ ከወይራው ሥርም አልተነሳች። የመጀመሪያው የእግዜር ነው። ሁለተኛው የኔ።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ቤታቸው ደጅ በጉ እየበላባቸው ጎመን ይተክላሉ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። የሽንቱን ዘለልኩት።

መምሬ ችግኙን አስቀመጡ። ማንን በደልክ አሉኝ። እግዜርን አልኩ።

«እግዜርማ ያኔውኑ አይቶታል። ሳያውቅ ድንጋዩን የሚሳለም ማን ነው?»

አንጓች አልኩ። ልጄም።

የሕፃኒቱን ነገር ለሱ ተወው አሉ፤ ውሃም አፈርም የሱ ነው። ሰው ሳይነገረው ግን ቀኖና አልሰጥም አሉ። ለመንኳቸው። ሦስት መቶ ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስግደት እወዳለሁ። ሲሰግዱ አፍ መሬት ላይ ነው፣ አይናገርም።

ስወጣ በጉን ያዝልኝ አሉ። ያዝሁላቸው። እሳቸውም በጉም አላዘኑልኝም።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አንጓች ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። አንዴ ጎረቤት አለ። አንዴ ብቻዋን ናት። ሁለተኛው ይብሳል። ወንፊት ልዋስ አልኩና ተመለስኩ። ወንፊቱ አለ፣ ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ሃይማኖት ፎቶውን በስልክ ላከችው። እንዴት ያለ ደግ ሽማግሌ ይመስላል።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ነገርኳት።

ወንፊቷን ልመልስ ገባሁ። ሽሮ እያደረቀች ነው፤ ሰሌን ላይ በእጇ ትበትናለች። ቁጭ ይበሉ አለች። ቆሜ ተናገርኩ። አላመጣኋትም አልኩ። ውሃው ውስጥ ናት። ድንጋዩ የመንገድ ድንጋይ ነው።

እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መበተኗን ቀጠለች። የጀልባው ዕለት ስናገር ይሰሙኝ ነበር? አለች። አዎ አልኩ። ፎቶም ተነሱ አለች። አዎ አልኩ።

እህቴ ስታጣጥር ምን እንዳለች ያስታውሳሉ አለችኝ። ራሷ መለሰችው። ልጄ ጋ ነው የምሄደው ነው ያለችው።

ከዚያ ወንፊቷን ከእጄ ወሰደች። እንዳይመጡ አለች። አንቱ ማለቷን አላቋረጠችም። አንተ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ሦስት ቀን። በሯ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትናንት ቅዳሴ ላይ ከሩቅ ቆማለች። ሰንበቴ አልመጣችም። ማኅበርተኞቹ ስለ ሐይቁ አሁንም ያወራሉ፤ ለእኔ ቦታ ይለቃሉ፣ ጠበል ጸዲቁን ቀድሞ ለአያ ደሴ ይላሉ። እበላለሁ። አይወርድም፣ ግን እበላለሁ።

ለማንም አልተናገረችም ማለት ነው። ዝምታዋ ለኔ ሳይሆን ለጥሩ ነው።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ፣ ማርያም

ካህናቱ ሳይወጡ እኔ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ምን ልሠራ እንደሆነ አላውቅም። አንጓች ቀድማኝ ደርሳለች። ነጠላዋን አደግድጋለች። አላየችኝም።

ጎንበስ አለች። የምትስመው መሰለኝ። ድንጋዩን አቅፋ ነቀለችው። ከባድ ነው፤ ልርዳሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ካመጡበት ይመልሷት።»

ተሸክሜ ወጣሁ። በዋናው በር፣ በሕዝቡ መሐል፣ በገበያው መንገድ። ሰው እንኳን አደረሰህ ይለኛል፣ ምን ልትሠራ ነው ድንጋዩን ይለኛል። አንዱ ባጃጅ አቁሞ ልጫንልዎ አለ። አይሆንም አልኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ያነሳሁበት ቦታ ዛሬ ጎሚስታ ቤት አለ። ደጁ ላይ አስቀመጥኩት። ጎሚስታው አመሰገነኝ፤ ለመኪና ጎማ መደገፊያ ይሆነኛል አለ።

ስመለስ አንጓች አጥሩ ሥር ነች። ጉድጓዱን በእግሯ ደፍናዋለች። በግንቦት ውሃው ሲጎድል ይወስዱኛል አለች። ወይራው ሲወጣ። እህቴ ያላደረሰችውን ጸሎት ሄጄ አደርሳለሁ። እሺ አልኩ። አላመነችኝም። እሺታዬን ታውቃለች።

ሃይማኖትስ? አልኳት። ለሷ እኔ አልነግርም አለች። በኔ አፍ የሰማች እንደሆነ እርስዎ ሁለተኛ ዋሹ ማለት ነው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ 6 ሰዓት

ሃይማኖት ዛሬ ትመጣለች። ደብረ ወርቅ ደርሻለሁ ብላ ደወለች። ፎቶውን በትልቁ አሳጥባ፣ በመስተዋት አስገብታ ይዛዋለች። የት እንሰቅለዋለን ብላ ከአሁኑ ትጠይቀኛለች። ከእማዬ ፎቶ አጠገብ አለች።

ቤቱን ጠረግሁ። ወጥ ሠራሁ፣ ምስር ነው፣ ጨው በዝቶበታል። ከምሳ በኋላ ልንገራት ብዬ ነበር። ከዚያ ነገ ከቅዳሴ መልስ ብዬ ነበር። አሁን ስጽፈው ምን እንደማደርግ ራሴን ያዝኩት። ከምሳ በኋላ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ ገና።

ሳትቀመጥ እነግራታለሁ። ፎቶው ሳይፈታ። እህትሽን አላነሳኋትም እላለሁ። እናትሽን ዋሸሁ እላለሁ። ውሃ ሽንት ማለቴንም እነግራታለሁ። ለመምሬ ዘለልኩት፣ ለአንጓች ዘለልኩት። ደግ ሽማግሌ ስለ ፈራ ነው ያላነሳት ብለው ያዝኑልኝ ይሆናል። አይዘኑልኝ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ከማፍር ልጄ ላይ ብሸና መረጥኩ። እሱን ካልነገርኳት የነገርኳት የለም።

ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩን ቀስ በል፣ መስተዋት ነው ትላለች። በሩን ልክፈት። ደብተሬ፣ ተከፍተህ ጠረጴዛው ላይ ቆይ፤ አፌ ቢያያዝ